የጉሎ ሐር ትል እያረባችሁ የነፍሳትን ሆርሞን በአይን መከታተል፦ ከእንቁላል እስከ ክንፍ

ትምህርት ቤት እንቁላል፣ እጭ፣ ሙሽሬ፣ ጉልምስ ብለን አራቱን በክብ ስለን፣ በቀስት አገናኝተን፣ ለፈተና ሸምድደን ወጣን። ቀስቷ ውስጥ ምን እንዳለ ግን የነገረን የለም። ትሉ ዛሬ ቅጠል ሲግጥ ውሎ ነገ ሐር ካልፈተልኩ የሚለው ማን አዞት ነው? እኔ ነገሩ የገባኝ ቤቴ ሰፌድ ላይ የሐር ትል ማርባት ከጀመርኩ በኋላ ነው። ሆርሞን ላብራቶሪ ተገብቶ በማሽን ካልተለካ አይታይም ይባላል እንጂ ትሉን ቀረብ ብላችሁ ካያችሁት እኮ መቼ እንደወጣ መቼ እንደወረደ ጭንቅላቱ ላይ፣ ኩሱ ላይ፣ አካሄዱ ላይ ቁጭ ብሎ ይነበባል። ይሄ መመሪያ ለዛ ነው። ወደ ሁለት ወር ይፈጃል፣ ወጪው ትንሽ ነው፣ ከናንተ የሚፈለገው ትእግስትና ማታ ማታ ደብተር ላይ ሁለት መስመር መጻፍ ነው።

1. ትሉንና እቃውን ማዘጋጀት

እኛ አገር የሚረባው የሐር ትል ሁለት አይነት ነው። አንደኛው የመልበሪ ቅጠል ብቻ የሚበላው፣ አለም ሐር ሲል የሚያስበው ነው። ሌላው ኤሪ የሚባለው ጉሎ በሊታው ነው፤ አገሩ የህንዷ አሳም ናት፣ ስሙም እዛ ጉሎ ከሚጠራበት ስም የመጣ ነው። እኔ የምመክረው ኤሪን ነው። ጉሎ አጥር ስር፣ ቦይ ዳር፣ ፍርስራሽ ላይ የትም ይበቅላል፣ ዋጋ የለውም። ኤሪ ደግሞ ኮኩኑን (ሐር ፈትሎ የሚገባበትን ቤት) ሲሰራ አንድ ጫፉን ክፍት ስለሚተወው ውስጡን ማየት ይቀላል። እንቁላሉም ወራት ተኝቶ የሚቆይ አይነት አይደለም፣ ዓመቱን ሙሉ ይፈለፈላል።

እንቁላል ከየት ይገኛል ለሚል፣ አዳማ አካባቢ ያለው መልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል በሁለቱም አይነት ላይ ሲሰራ የቆየ ስለሆነ እዛ መጠየቅ ይቻላል፣ ወይ ደግሞ ከሚያረባ ሰው። 50 እንቁላል ይበቃችኋል። ስስት ይዟችሁ 300 እንዳትወስዱ፣ መጀመሪያ ሚጢጢ ናቸው ምንም አይሉም፣ መጨረሻው ሳምንት ላይ ግን ሰፈሩን ዞራችሁ ቅጠል ስትለቅሙ ትውላላችሁ።

የሚያስፈልገው ሰፌድ ወይ ሰፋ ያለ ትሪ፣ የሚነጠፍ ወረቀት፣ ለስላሳ የስእል ብሩሽ (ትንንሾቹን በጣት አትንኩ)፣ አጉሊ መነጽር ወይ ደህና ካሜራ ያለው ስልክ፣ ቴርሞሜትር፣ እና ከተቻለ የወርቅ ቤት አይነት ትንሽ ሚዛን ነው። ሰፌዱን የምታስቀምጡበት ጠረጴዛ እግሮቹ ውሃ ያለበት ጣሳ ውስጥ ይቁሙ፣ ጉንዳን አንድ ሌሊት ላይ ሁሉንም ጭኖ ይሄዳል። ሙቀቱ ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ቢሆን ጥሩ ነው። አዲስ አበባ ያላችሁ ሌሊቱ ስለሚበርድ ሁሉም ነገር ይዘገያል፣ እኔ ከምጽፈው ቀን ላይ ጨምሩበት፤ አዳማ፣ ሐዋሳ ያላችሁ ብዙም አትቸገሩም። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ቅጠሉን ስትለቅሙ የጉሎ ፍሬ ቤት ይዛችሁ አትግቡ። ፍሬው ሃይለኛ መርዝ ነው፣ ልጅ ያለበት ቤት ቀልድ የለም።

2. ሶስት ስም መያዝ

ትሉ እስኪፈለፈል 10 ቀን ገደማ አላችሁ፣ እሱን ጊዜ ለዚህ ተጠቀሙበት።

የመጀመሪያው ሆርሞን አንጎል ውስጥ ያሉ ጥቂት ሴሎች የሚያመነጩት ነው። ሳይንሱ ፒቲቲኤች ይለዋል፣ እኔ ቀስቃሹ ነው የምለው። ስራው ደረት ውስጥ ያለች ጥንድ እጢ ጋ ሄዶ ተነሺ ማለት ነው። እጢዋ ስትነሳ ሁለተኛውን ኤክዳይሶንን ትለቃለች፤ ቆዳህን ቀይር የሚለው እሱ ነው። ኤክዳይሶን ከኮሌስትሮል ነው የሚሰራው፣ ነፍሳት ደግሞ ኮሌስትሮልን ራሳቸው ከባዶ መስራት ስለማይችሉ ጥሬ እቃውን ከቅጠሉ ያገኙታል፤ ማለትም ሰፌዱ ላይ የምትጥሉት ጉሎ ምግብ ብቻ ሳይሆን የሆርሞኑም ጥሬ እቃ ነው። ሶስተኛው ጁቬናይል ሆርሞን ነው፣ ከአንጎል ጀርባ ካሉ ሁለት ደቃቅ እጢዎች ይወጣል። ለትሉ የሱ መልእክት ልጅ ሆነህ ቆይ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። የሙሽሬ ሆርሞን፣ የክንፍ ሆርሞን ምናምን የሚባል ለየብቻው ያለ ይመስለዋል። የለም። ኤክዳይሶን መቼ እንደሚቀየር ይናገራል፣ ወደ ምን እንደሚቀየር የሚወስነው ግን በዛች ሰአት ጁቬናይሉ መኖሩ ወይ አለመኖሩ ነው። ጁቬናይል እያለ ኤክዳይሶን ከመጣ ትሉ ተለቅ ያለ ትል ይሆናል። ጁቬናይል ጠፍቶ ከመጣ ወደ ሙሽሬ ያመራል። በሙሽሬነቱም ጁቬናይል ሳይኖር እንደገና ሲመጣ ክንፍ ይወጣል። አንድ አይነት ደወል ነው፣ ክፍሉ ውስጥ ማን እንዳለ ነው የሚለየው።

አንጎል ሆርሞን ያመነጫል ብሎ መጀመሪያ በሙከራ ያሳየው ፖላንዳዊው ስቴፋን ኮፔች ነው። በ1910ዎቹ መጨረሻ በአባጨጓሬ ላይ ሰርቶ በ1922 በደንብ አተመው። የመጨረሻው እርከን (ከአንዱ ቆዳ ቅያሬ እስከ ሌላው ያለው እድሜ) ላይ ያለን ትል አንጎሉን ቀደም ብሎ ሲያወጣው ትሉ ሙሽሬ ሳይሆን ይቀራል፣ ዘግይቶ ሲያወጣው ግን አንጎል የሌለው ትል ያለችግር ሙሽሬ ይሆናል። የነርቩን ገመድ ብቻ ሲቆርጠው ደግሞ ምንም የሚለወጥ ነገር የለም። ስለዚህ መልእክቱ በነርቭ ሳይሆን በደም ነው የሚሄደው ማለት ነው። ያኔ ብዙም የሰማው አልነበረም፤ ሰውዬውንም በ1941 ናዚዎች ዋርሶ አጠገብ ረሸኑት። ይሄን ባነበብኩ ቁጥር ትንሽ ይከፋኛል።

ኤክዳይሶን ራሱ በንጹህ የተገኘው በ1954 ነው። ቡተናንትና ካርልሰን የሚባሉ ጀርመኖች 500 ኪሎ የሐር ትል ሙሽሬ አጣርተው ያገኙት 25 ሚሊግራም ነው። አምስት ኩንታል ሙሽሬ! ከዛ የወጣው ግን የማንኪያ ጫፍ እንኳ የማይሞላ ነገር ነው። ሆርሞን ምን ያህል በጥቂቱ እንደሚሰራ ከዚህ በላይ ማስረጃ የለም።

3. እንቅልፉን መያዝ (ከ1ኛ እስከ 4ኛ እርከን)

ትሉ ከተፈለፈለ በኋላ 4 ጊዜ ቆዳ ይጥላል፣ ስለዚህ 5 እርከን አለው። ለትንንሾቹ ለጋ ቅጠል ከትፋችሁ ስጡ፣ ከ3ኛ እርከን በኋላ ጠንከር ያለውን። እርጥብ ቅጠል አትስጡ። በየቀኑ ሲበላ፣ ሲያድግ፣ ሲያድግ፣ አንድ ቀን ጠዋት ስትነሱ ግማሾቹ አይበሉም። ጭንቅላታቸውን ቀና አድርገው ደርቀው ቆመዋል። አዲስ አርቢ እዚህ ጋ ይደነግጣል፣ ታመሙብኝ ብሎ ስልክ ይደውላል። አልታመሙም፣ ተኝተዋል፤ አርቢዎችም እንቅልፍ ነው የሚሉት።

እንቅልፍ ይባል እንጂ ስራ የበዛበት ሰአት ነው። አንጎሉ ቀስቅሶ፣ የደረቱ እጢ ኤክዳይሶን ለቆ፣ ሆርሞኑ ደም ውስጥ ከፍ ብሏል። ከቆዳው ስር ያሉት ሴሎች ከአሮጌው ቅርፊት ተላቀው አዲሱን እየሰሩ ነው፣ በመሀል የሚፈሰው ፈሳሽ ደግሞ አሮጌውን ከውስጥ እየበላ የሚጠቅመውን መልሶ ወደ ሰውነት ይወስደዋል።

አሁን አጉሊ መነጽሩን አምጡና ከጭንቅላቱ ኋላ ያለውን ቦታ እዩ። ትንሽ አበጥ ያለ ፈዛዛ ነገር ታያላችሁ። አዲሱ ጭንቅላት ነው! ከአሮጌው ስለሚበልጥ አሮጌው ውስጥ አልገባ ብሎ ከኋላ ተሰርቶ አሮጌውን ወደፊት እየገፋ ነው፣ አሮጌው አፍንጫው ላይ የተደፋ ቆብ ይመስላል። ይሄን ካያችሁ ኤክዳይሶን መጥቶ ስራውን እየሰራ ነው ብላችሁ በሙሉ ልብ ደብተራችሁ ላይ ጻፉ።

ከዛ በኋላ እጃችሁን ሰብስቡ። የመጀመሪያ ዙሬ ላይ እኔ ጎበዝ ነኝ ብዬ ሰፌዱን ላጸዳ የተኙትን በወረንጦ እያነሳሁ ወደ አዲስ ወረቀት አዛወርኳቸው። በማግስቱ ሩብ ያህሉ ቆዳቸው ግማሽ ላይ ተይዞ ሞተው አገኘኋቸው። ነገሩ ለካ ትሉ ከመተኛቱ በፊት ወለሉ ላይ ትንሽ ሐር ያነጥፍና የኋላ እግሮቹን እሷ ላይ ይቆልፋል፣ ቆዳው እዛ እንደተያዘ እሱ ወደፊት ተስቦ ይወጣል፤ እኔ ሳነሳቸው መልህቃቸውን ነው የበጠስኩት። ስለዚህ እንቅልፍ ላይ ማጽዳት የለም፣ ማንሳት የለም፣ አዲስ ቅጠልም አትጫኑባቸው። ሁሉም ነቅተው ሲንቀሳቀሱ ነው ቅጠል የምትሰጡት። ቀድሞ ለነቃው ካበላችሁ ሰፌዱ ላይ ትልቅና ትንሽ ተደባልቆ እስከመጨረሻው ያስቸግራችኋል።

አንድ ቀን ገደማ ቆይቶ ቆዳው ይጣላል። እዚህ ጋ መጽሀፍ ላይ ብዙም የማይወራ ነገር አለ፦ ቆዳውን የሚያስጥለው የኤክዳይሶን መውጣት ሳይሆን መውረዱ ነው። ኤክዳይሶን ወጥቶ ዝግጅቱን ያስጨርሳል፣ ሲወርድ ደግሞ ሌሎች ሆርሞኖች ተራቸውን ያገኛሉ፤ ከመተንፈሻ ቱቦዎች አጠገብ ካሉ ትንንሽ ሴሎች አንዱ ይለቀቅና ትሉን ያ የታወቀውን ከኋላ ወደ ፊት የሚሄድ የመጨማተር እንቅስቃሴ ያስጀምረዋል። ኤክዳይሶኑ በሰው ሰራሽ መንገድ ከፍ እንዳለ እንዲቆይ ቢደረግ ትሉ አዲስ ልብስ ለብሶ ከአሮጌው መውጣት ያቅተዋል።

የተጣለውን ቆዳ አትድፉት። ብርሃን ላይ አንስታችሁ ጎንና ጎኑን በአጉሊ መነጽር እዩት፣ በየመተንፈሻ ቀዳዳው ነጫጭ ክር ተንጠልጥሎ ታገኛላችሁ። የመተንፈሻ ቱቦዎቹ የውስጥ ሽፋን ነው፣ እሱም አብሮ ይቀየራል። ሳንባችሁን ገልብጣችሁ እንደማውጣት አስቡት። አዲስ የወጣው ትል ደግሞ ጭንቅላቱ ፈዛዛ ነው፣ በሰአታት ውስጥ ነው የሚጠቁረውና የሚጠነክረው፤ ያን የሚያደርገው ቡርሲኮን የሚባል ሌላ ሆርሞን ነው። እስኪጠነክር መንጋጋውም ለስላሳ ስለሆነ አትቸኩሉበት።

4. 5ኛው እርከን፦ ሚዛን ማውጣት

ትሉ በህይወቱ ከሚበላው አብዛኛውን የሚበላው እዚህ ነው። ሌሊት ክፍሉ ጸጥ ሲል የመብላት ድምጽ ይሰማል፣ ቀላል ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ አይነት። 5 ትል መርጣችሁ ለየብቻ አስቀምጡና በየቀኑ በተመሳሳይ ሰአት መዝኑ። መጀመሪያ ላይ ቁጥሩ በጣም ይፈነጠራል፣ ከ5 ግራም በላይ ይደርሳል፣ ከዛ ቀስ ይልና ይቆማል፣ መጨረሻው ላይ ይወርዳል።

የዚህ ጥቅሙ ምንድነው፣ ሆርሞኑን የሚያዘው ቀን መቁጠሪያ ሳይሆን በአብዛኛው ክብደት ነው። አሜሪካ ውስጥ በትምባሆ ትል ላይ በ1970ዎቹ የተሰራው ስራ በጣም የታወቀ ነው፦ ትሉ መጨረሻው እርከን ላይ 5 ግራም ገደማ ሲደርስ አንድ ድንበር ያልፋል። ከድንበሩ በፊት ብታስርቡት ዝም ብሎ ይዘገያል። ካለፈ በኋላ ብታስርቡት ግን አይዘገይም፣ በያዘው ይሄዳል፣ ትንሽ ሙሽሬ ይሆናል። ድንበሩን ሲያልፍ ጁቬናይል የሚያመነጩት እጢዎች ስራ ያቆማሉ፣ ደም ውስጥ የቀረውንም የሚያፈርስ ኤንዛይም ይበዛል፣ ጁቬናይሉ ሲጠፋ አንጎል ቀስቃሹን ለመልቀቅ ይፈቀድለታል።

ለናንተ በተግባር ትርጉሙ እንዲህ ነው። ቅጠል ካለቀባችሁ መቼ እንዳለቀ ነው የሚወስነው። እርከኑ ሲጀምር ከሆነ አትደንግጡ፣ ነገ ስታመጡ ይቀጥላሉ። መጨረሻው ላይ ከሆነ ግን ትሎቹ አይጠብቋችሁም፣ ሚጢጢ ኮኩን ሰርተው ቁጭ ይላሉ። ባለፈው አንድ ጓደኛዬ ለምን ኮኩኔ እንደ ባቄላ አነሰ ብሎ ሲጠይቀኝ መጀመሪያ የጠየቅኩት ቅዳሜና እሁድ የት ሄደህ ነበር ብዬ ነው፣ ክፍለ ሀገር ነበርኩ አለኝ።

የጁቬናይል እጢዎች በቀዶ ጥገና ቀድመው ቢወጡስ? ቡኒዮል የሚባል ፈረንሳዊ በ1930ዎቹ መጨረሻ በመልበሪው የሐር ትል ላይ አድርጎታል። ገና እርከን የሚቀራቸው ትሎች ሐር ፈትለው ድንክ ሙሽሬ ሆኑ። ሳያድጉ ጎለመሱ። በተቃራኒው 5ኛ እርከን መጀመሪያ ላይ ጁቬናይል የሚመስል ኬሚካል በጣም በጥቂቱ ሲሰጥ የመብላት ጊዜው ይረዝምና ኮኩኑ ይከብዳል። ህንድ፣ ቻይናና ጃፓን ያሉ የሐር አርቢዎች ይሄን በስራ ላይ ተጠቅመውበታል። ከእጽዋት የሚወጣ ኤክዳይሶን ደግሞ መጨረሻ ላይ ቅጠሉ ላይ ይረጩና ትሎቹ ሁሉም በአንድ ቀን እንዲፈትሉ ያደርጓቸዋል (ስፒናች ራሱ ውስጡ ይሄ ነገር አለው)። ቤት ውስጥ ግን አትሞክሩት፣ መጠኑ ትንሽ ከበዛ ጭራሽ ሳይፈትሉ ይቀራሉ።

5. መቅበዝበዝ ሲጀምር

አንድ ቀን ትሉ ቅጠሉን ትቶ ወደ ሰፌዱ ጠርዝ ይሄዳል። ይዞራል፣ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ጭንቅላቱን ግራና ቀኝ ያወዛውዛል። ኩሱ ከደረቅ ወደ ረጠበ ይቀየራል፣ ሆዱን ባዶ እያደረገ ነው። ሰውነቱ ወደ ቢጫነት ሄዶ ብርሃን የሚያሳልፍ ይመስላል። ኤሪ ላይ ደግሞ የቆዩ አርቢዎች የሚጠቀሙባት ዘዴ አለች፦ ትሉን በሁለት ጣት ቀስ አድርጋችሁ ስታሽከረክሩት ባዶ ነገር ውስጥ እንዳለ አይነት ድምጽ ይሰጣል። ያ ከሆነ ደርሷል።

ይሄ ሁሉ የአንዲት ትንሽ የኤክዳይሶን ብቅ ማለት ስራ ነው። ጁቬናይል በሌለበት የመጣች የመጀመሪያዋ ናት። ቆዳ አታስቀይርም፣ ትንሽ ስለሆነች። የሴሎቹን ሀሳብ ግን ታስቀይራለች፤ ከዚህ በኋላ ጁቬናይል ብትጨምሩለት እንኳ የቆዳው ሴሎች ወደ ትልነት አይመለሱም፣ ወስነዋል። ትልቁ ኤክዳይሶን ከቀናት በኋላ ኮኩኑ ውስጥ ይመጣል፣ ሙሽሬውን የሚሰራውም እሱ ነው።

እናንተ የምታደርጉት፣ የደረሰውን እየለያችሁ ደረቅ ቅጠል፣ የተጨማደደ ወረቀት ወይም ገለባ ያለበት ካርቶን ውስጥ አስገቡ። መፈተል ከጀመረ አታንቀሳቅሱት።

6. ኮኩኑን መክፈት

መፈተል ከጀመረ ሳምንት ሳይሞላው አትንኩ። 3 ወይም 4 ቀን ላይ ብትከፍቱት የምታገኙት አጭር፣ የተጨማደደ፣ የማይራመድ ትል ነው፣ ከትልነት ወጥቷል ሙሽሬም አልሆነም፣ በዚህ ሰአት ብትነኩት ይጎዳል። ከሳምንት በኋላ ክፍት ጫፉ ጋ በመቀስ በጥንቃቄ ሰንጥቁና ሁለት ሶስት ሙሽሬ አውጥታችሁ ጥጥ ላይ አስቀምጡ፣ ሌላውን ተዉት። ከሙሽሬው ጎን የተጨመደደችው የመጨረሻዋ የትል ቆዳ ትገኛለች።

ሙሽሬው ላይ አተኩሩ። ክንፉ፣ አንቴናው፣ እግሩ የት እንደሚሆን ቅርፊቱ ላይ ተስሎ ይታያል። ወደ ሙሽሬ በሚሄድበት ሰአት ጁቬናይል ለአጭር ጊዜ ተመልሶ ይመጣል፣ አንዳንዱ አካል ቸኩሎ ሙሽሬን ዘሎ ወደ ጉልምስ እንዳይሄድ ይይዘዋል። ከዛ ይጠፋል፣ ኤክዳይሶን በሀይል ይመጣል፣ የትሉ ጡንቻና የሐር እጢ ይፈርሳል፣ ትሉ ውስጥ ተኝተው የቆዩ ትንንሽ የሴል ክምችቶች አድገው ክንፍና አይን ይሆናሉ። ሙሽሬ አረፈ ይባላል፤ አላረፈም።

በነገራችን ላይ አንበጣ ይሄ ደረጃ የለውም። ኩብኩባው ከመጀመሪያውም ትልቁን ይመስላል፣ ቆዳ በጣለ ቁጥር የክንፉ ጅምር ይጨምራል፣ መጨረሻው እርከን ላይ ጁቬናይሉ ሲጠፋ ቀጥታ ክንፍ አውጥቶ ይበራል። ሆርሞኖቹ ግን እነዚሁ ናቸው።

7. መውጫው

ከ2 እስከ 3 ሳምንት ቆይቶ ሙሽሬው ይጠቁራል፣ ይለሰልሳል። የሚወጡበትን ሰአት መዝግቡ፣ የእያንዳንዱን። ትሩማንና ሪዲፎርድ በ1970 ያተሙት ሙከራ አለ፣ እኔ ከሁሉም በላይ የምወደው ነው። የኤሪ ዘመድ የሆኑ ሁለት አይነት የሐር ራቶች (ራት የምለው ትሉ ጎልምሶ ክንፍ ሲያወጣ የሚሆነውን የእሳት ራት ነው) ወሰዱ፣ አንዱ ዘር ጠዋት ነው ከሙሽሬ የሚወጣው፣ ሌላው ወደ ማምሻው። አንጎላቸውን አወጡና አቀያየሯቸው። ጠዋት የሚወጣው ማምሻ፣ የማምሻው ጠዋት ወጣ። አንጎሉ ሆዱ ውስጥ ሲቀመጥ እንኳ፣ ምንም ነርቭ ሳይያያዝ፣ ሰአቱን ይጠብቅና ሆርሞኑን ይለቃል።

ራቱ ሲወጣ ክንፉ የራሰ ጨርቅ ነው የሚመስለው። የሚንጠለጠልበት ሸካራ ነገር፣ እንጨት ወይ መረብ፣ ከጎኑ ይኑር። ደም ወደ ክንፉ ገፍቶ ይዘረጋዋል፣ ቡርሲኮን ያደርቀዋል። መንጠልጠያ ካጣ እንደተጨማደደ ይደርቃል፣ ከዛ በኋላ ማስተካከያ የለውም። አይበላም፣ ምግብ አትፈልጉለት፤ ይጋባል፣ እንቁላል ይጥላል፣ በቃ።

ተጨማሪ፦ በክር የሚሰራው ሙከራ

የሐር ትላችሁን ለማሰር ካሳሳችሁ (እኔን ያሳሳኛል) በዝንብ እጭ ስሩት። ፍራንክል በ1935 የሰራው ነው። ስጋ ላይ ያደጉ፣ ጠግበው ምግቡን ትተው መሄድ የጀመሩ ትልልቅ የዝንብ እጮች 20 ያህል ያዙ፣ ጓንት አድርጉ። እርጥብ ሶፍት ውስጥ ካቆያችኋቸው ይዘገያሉ፣ ወደ ደረቅ ስታዛውሯቸው ሰአቱ ይጀምራል። ደረቅ ላይ እንዳደረጋችሁ ወዲያው አምስቱን ወገባቸው ላይ በቀጭን የልብስ ስፌት ክር ጠበቅ አድርጋችሁ እሰሩ፣ ከ6 ሰአት በኋላ ሌላ አምስት፣ ከ12 ሰአት በኋላ ሌላ አምስት፣ የቀሩትን ሳታስሩ ተዉ።

ሁለት ቀን ጠብቁ። ቀደም ብለው ከታሰሩት መካከል ከፊት ያለው ግማሽ ቡናማ ሆኖ ደርቆ፣ ከኋላ ያለው ነጭና ለስላሳ ሆኖ የሚቀር ታገኛላችሁ። አንድ እንስሳ ነው፣ ግማሹ ሙሽሬ ለመሆን ደርቋል፣ ግማሹ ገና እጭ ነው! ሆርሞን የምታመነጨው እጢ ከፊት ናት፣ ክሩ ደሙን ስለዘጋው መልእክቱ ወደ ኋላ አልደረሰም። ዘግይተው የታሰሩት ላይ ሁለቱም ወገን ቡናማ ይሆናል፣ ክሩ ሲታሰር ደብዳቤው አልፎ ነበር። ካልሆነላችሁ ክሩ ላልቷል ወይም ሰአቱ አልፏል፣ በሌላ እጭ ድገሙት። ተማሪ ላለው ሰው ከዚህ የተሻለ ማሳያ እኔ አላውቅም።

ሲበላሽ ምን እንደሆነ ማወቅ

ትሉ ይበላል፣ ይወፍራል፣ ቀኑ አልፎም አይፈትልም፦ መጀመሪያ ብርዱን እዩ። ሙቀቱ ደህና ከሆነ ቅጠሉን ጠርጥሩ። ጁቬናይልን የሚመስሉ ጸረ ተባዮች አሉ፣ ፓይሪፕሮክሲፌን፣ ፌኖክሲካርብ፣ ሜቶፕሪን የሚባሉ፤ ለትንኝ እጭ፣ ለቁንጫ፣ ለአትክልትና ለፍራፍሬ ተባይ ይረጫሉ። ትሉን አይገድሉትም፣ ልጅ አድርገው ያስቀሩታል። ጣሊያን ውስጥ የፍራፍሬ እርሻ ላይ የተረጨ ፌኖክሲካርብ በንፋስ መልበሪው ላይ እያረፈ አርቢዎቹን ኮኩን አልባ አድርጓቸው ነበር።

ትሉ ሳይደርስ ድንገት መብላት አቁሞ ድርብ ጭንቅላት ይዞ ከሞተ ደግሞ ተቃራኒው ነው፣ ቴቡፌኖዛይድ የመሰለ ኤክዳይሶንን የሚመስል መድሃኒት ሊሆን ይችላል፣ ያለ ሰአቱ ቆዳ ቀይር ብሎት ነው። ኒምንም አትርሱ። ኒም ኦርጋኒክ ነው ምንም አይልም ብሎ የጓሮውን የሚረጭ ሰው ብዙ ነው፤ ለጎመኑ እውነት ነው፣ ለትሉ ግን የኒም አዛዲራክቲን የምግብ ፍላጎቱን ዘግቶ የኤክዳይሶንን ስራ የሚያዛባ ነገር ነው። የተረጨ ጓሮ አጠገብ ያለ ጉሎ አትልቀሙ፣ መንገድ ዳር ያለውንም ቢሆን ለሁለት ትል ሰጥታችሁ አንድ ቀን አይታችሁ ነው ለሌሎቹ የምትሰጡት።

ስለምታነጥፉት ወረቀትም አንድ ታሪክ አለ። በ1960ዎቹ ካሬል ስላማ የሚባል የቼክ ሰው የለመዳቸውን ቀያይ ትኋን መሰል ነፍሳት ይዞ አሜሪካ፣ ሀርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ያለው የካሮል ዊልያምስ ላብራቶሪ ይሄዳል። ፕራግ ላይ ያለችግር ያድጉ የነበሩት እዛ ሲደርሱ አንዳቸውም ጉልምስ አልሆን አሉ፣ ከ5ኛ እርከን በኋላ 6ኛ፣ 7ኛ እያሉ ግዙፍ ልጅ ሆነው ሞቱ። ውሃውን፣ ምግቡን፣ ሁሉን መረመሩ። ጥፋተኛው ከስራቸው የሚነጠፈው ወረቀት ሆኖ ተገኘ፦ የአሜሪካ ወረቀት ከሚሰራባቸው ዛፎች አንዱ፣ ባልሳም የሚባለው ጥድ መሰል ዛፍ፣ ጁቬናይልን የሚመስል ነገር አለው። የአሜሪካ ጋዜጣ ሲያነጥፉላቸው አያድጉም፣ የለንደን ጋዜጣ ሲያነጥፉላቸው ያድጋሉ። በ1965 አሳተሙት። የሚጎዳው የነዚያን ነፍሳት ቤተሰብ ብቻ ነው፣ የሐር ትል ላይ አይሰራም፣ ስለዚህ ሰፌዳችሁ ላይ የፈለጋችሁትን ጋዜጣ አንጥፉ፣ ብቻ ቀለሙ እጅ ላይ የሚለቅ አይሁን።